ክረምቱን ለምትቆም ሚኒባስ፦ ካሜራውን፣ ባትሪውንና ቲቪውን እንዴት ላስቀምጥ?

ጥያቄ፦ ባለ ሚኒባሱ (ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)፣ ግንቦት 27

ሰላም ቤተሰብ። ሥራዬ ሠርግ መቅረጽ ነው። አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ገዝቼ የኋላ ወንበሯን ነቅዬ አልጋ፣ ጠረጴዛና መደርደሪያ አስገብቼባታለሁ። ጎርጎራም ደብረ ታቦርም ለሥራ ስሄድ እዚያችው አድራለሁ፣ ኤዲቲንጉንም እዚያው እሠራለሁ። ክረምት ላይ ሠርግ ስለሌለ ከሰኔ 10 እስከ መስከረም መጀመሪያ አዲስ አበባ ለኮርስ እሄዳለሁ። መኪናዋ አጎቴ ግቢ ዛፍ ሥር ትቆማለች፤ ሐይቁ ቅርብ ነው።

ውስጧ ያለው፦ ሁለት ካሜራ፣ አራት ሌንስ፣ ላፕቶፕ፣ ሦስት ሃርድ ዲስክ፣ ባለ 32 ኢንች ቲቪ፣ ስፒከር፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይር ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተርና ባለ 100 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ። ጣራዋ ላይ ሶላር አለ።

ዓምና ሁሉንም በፌስታል ጥብቅ አድርጌ ጠቅልዬ፣ መኪናዋን ሸራ አልብሼ ሄድኩ። ስመለስ አንዱ ሌንስ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር በቅሏል፣ የኢንቨርተሩ ካርድ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፣ ባትሪው ጭራሽ ሞቷል። ፌስታሉን ስፈታው ውስጡ ውኃ አቁሯል! ጣራዋ ግን አታፈስም፣ ውኃ አስደፍቼ አረጋግጫለሁ። ውኃው ከየት መጣ? ዘንድሮስ ምን ይሻለኛል? እናቴ «ወይራ አጭሰህ ዝጋው» ትላለች።

መልስ፦ ጠጋኙ (ቀበሌ 14)

ወንድሜ፣ ውኃውን ራስህ ነህ ጠቅልለህ የሄድከው። ሰኔ ላይ ፌስታል ስታስር እርጥብ አየር አብረህ አሰርክ። ቀን 24 ዲግሪ ሆኖ 80 በመቶ እርጥበት ያለው አየር፣ ከ20 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ ውኃ ይሆናል። ሐምሌ ሌሊት እዚህ 13፣ 14 ዲግሪ ይወርዳል፤ የመኪና ቆርቆሮ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው ማለት ነው። ይህ በየሌሊቱ ለሦስት ወር ሲደጋገም አስበው።

በየቦታው የምታነበውን ምክር ደግሞ ለይተህ ውሰድ። የውጭ አገር ሰዎች ካምፐር የሚሏትን አልጋ ያላት መኪና ለክረምት ሲያቆሙ ፍርሃታቸው በረዶ ነው፦ የቲቪው ስክሪን እንዳይቀዘቅዝ፣ ቻርጅ የሌለው የአሲድ ባትሪ ውስጡ ረግቶ እንዳይሰነጠቅ። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ላይ ብትሆንም ውኃ አይረጋብንም። የእኛ ጠላት እርጥበት ነው፤ እነሱ «አሙቅ» ሲሉ እኛ «አድርቅ» ማለት አለብን።

የኔ ሐሳብ፦ ካሜራ፣ ሌንስ፣ ላፕቶፕና ሃርድ ዲስክ መኪና ውስጥ ክረምት አያሳልፉ። አውጣቸው። ሰው የሚያድርበት ክፍል፣ ከወለል ከፍ ያለ ቦታ ይበቃል። ወይራውን እናትህ ለጠላ እንስራ ይጠቀሙበት። ጭሱ ሌንስ ላይ ቅባት ይለጥፋል፣ ሶኬት ውስጥም ይገባል፤ በኋላ እኔ ጋ ነው የምታመጣው።

መልስ፦ ፎገራ

ሁሉንም ሣጥን ውስጥ ከትተህ ሩዝ ነስንስበት፣ አለቀ። ስልኬ ውኃ ሲገባው እንዲሁ ነው ያዳንኩት።

መልስ፦ ጠጋኙ

ስልክህ የዳነው ስላጠፋኸውና ስለደረቀ ነው። ሩዝ እርጥበት የመሳብ አቅሙ ትንሽ ነው። ዱቄቱ ቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ነቀዝና አይጥም ይጠራል። የፎገራ ሩዝ ለምሳ ይሁን። ጨውም የሚያደርጉ አሉ፤ እሱ ጭራሽ ይቅር፣ ውኃ ስቦ ራሱ ይፈስና ብረት ይበላል።

መልስ፦ ባለ ፎቶ ቤቷ

ልጄ፣ ፎቶ ቤት ስሠራ ብዙ ክረምት አሳልፌአለሁ፤ ስለ ሌንሱ እኔ ልንገርህ። ያየኸው ድር ሻጋታ ነው። እርጥበቱ ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ፣ ጨለማም ካገኘ ይበቅላል። ከቆየ መስታወቱን ይበላና ቢጠረግም ጠባሳው አይለቅም። ያንን ሌንስ ከሌሎቹ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ እንዳትከት፣ ይጋባል።

ገበያ ሄደህ ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ግዛ። የካሜራውን ቦርሳ አብረህ አትክተት። ስፖንጁና ቆዳው እንደ እርጥብ ጨርቅ ናቸው፤ ሻጋታው ከዚያ ነው የሚነሳው። ሲሊካ ጄል ጨምርበት፣ ያቺ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው ዓይነት፤ ግን የጫማዋ ከረጢት አትበቃም። ለአንድ ሣጥን 200 ግራም ያህል አድርግ። ክብደቱን ሩብ ያህል ውኃ ይጠጣል። ሰማያዊው ዓይነት ሲጠግብ ሮዝ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ማድረቅ ነው። እኔ ለእሱ ብቻ የለየሁት የብረት ሳህን አለኝ። ቀለሙ መርዝነት ስላለው የምግብ ዕቃ አላስነካውም። እንጀራው ከወጣ በኋላ ሳህኑን ትኩሱ ምጣድ ላይ አስቀምጬ ሰማያዊ እስኪሆን እጠብቃለሁ። ቶሎ ከተቃጠለ ቀለሙ ይጠፋል፣ አይቸኮልም።

ሌላ አንድ ነገር፦ ሣጥኑን የምትዘጋው ፀሐይ ባለበት ቀን፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። ዝናብ ዘንቦ ካባራ በኋላ ከዘጋኸው የዓምናውን ደገምከው። በመስከረም ደግሞ ሣጥኑን ከቀዝቃዛ ክፍል አውጥተህ ወዲያው አትክፈት፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ።

ናፍታሌን ግን እንዳትሞክር። ፕላስቲክ ያለሰልሳል፤ አንድ የሬዲዮ ሽፋን እንዲሁ አበላሽቼአለሁ።

መልስ፦ ሶላር ሠሪው (ዓባይ ማዶ)

ባትሪህ የሞተው በክረምቱ አይመስለኝም። ኢንቨርተሩን በማብሪያው አጥፍተህ ነው ወይስ ሳታጠፋ የሄድከው?

ባለ ሚኒባሱ

እውነት ለመናገር አልነካሁትም። ምንም ስላልተሰካበት የሚበላ አልመሰለኝም።

መልስ፦ ሶላር ሠሪው

በል እንግዲህ። ኢንቨርተር ባዶውንም ቢሆን ግማሽ አምፒር ያህል ይበላል። በ24 ሰዓት 12 አምፒር-ሰዓት ነው፤ ባለ 100 ባትሪህ በስምንት ቀን አለቀ። ሰኔ ሳያልቅ ሞቷል ማለት ነው። ባዶ የቆየ የአሲድ ባትሪ ደግሞ ሳህኖቹ ላይ ነጭ ነገር ይጋግርና አይመለስም።

ሶላሩ ነበረኝ ትላለህ። ሸራ አልብሰኸው ምን ያመርታል? ዛፍ ሥርም ብትሆን ያው ነው። ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው፦ መኪናዋን ከዛፉ አውጥተህ ሶላሩን ገልጠህ ተወው፤ ክረምትም ቢሆን ለማቆየት ያህል ይበቃል። ሁለተኛው፦ ነቅለህ ቤት አስገባው። ስትነቅል መጀመሪያ የሶላሩን ገመድ፣ ከዚያ ባትሪውን፤ ከባትሪው ደግሞ ነጌቲቩን አስቀድም። መልሰህ ስትገጥም ተገላቢጦሽ። ሙሉ ቻርጅ አድርገህ፣ ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ የባትሪ ውኃውን አይተህ አስቀምጥ። ካረፈ በኋላ በቴስተር 12.7 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። አጎትህ በወር አንዴ ይለኩልህ፤ 12.4 ከደረሰ ቻርጅ ይደረግ። ራሶቹን ቫዝሊን ቀባቸው። የመኪናዋን የራሷን ባትሪም አትርሳ፣ ቴፑ ብቻውን ይጨርሰዋል።

የካሜራና የላፕቶፕ ሊትየም ባትሪ ግን እንደ አሲዱ አይሞላም። ግማሽ አካባቢ፣ ከ40 እስከ 60 በመቶ አድርገህ አጥፍተህ አስቀምጠው። ያበጠ ካለ አታስቀምጠው፣ ይወገድ።

ባለ ሚኒባሱ

እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬም እናንተም። ሣጥኑ አክስቴ ቤት ይገባል። ቲቪና ፍሪጁስ? ቤቷ ጠባብ ነው፣ አላስቸግራትም።

መልስ፦ ባለ ጀልባው

እኛ ጀልባ ስናቆም እንደምናደርገው አድርግ። ፍሪጁን አጥበህ፣ አድርቀህ፣ በሩ እንዳይገጥም እንጨት ሸጉጥበት፤ ከተዘጋ መስከረም ላይ ሽታው ያባርርሃል። ቲቪው እንደቆመ ይቀመጥ፣ አይጋደም። በፌስታል ሳይሆን በአንሶላ ሸፍነው፤ ጨርቅ ይተነፍሳል። ሸራውን መኪናዋ ላይ አታጣብቀው። ከቆርቆሮው ከፍ ብሎ እንደ ዳስ ይወጠር፣ ነፋስ በሥሩ ይለፍ። ከቻልክ ሁለት መስኮት ጣት የምታሾልክ ያህል ክፈትና በወንፊት ሽቦ ዝጋው።

ከቤት ወደ መኪናዋ የተዘረጋ የመብራት ገመድ ካለ ንቀለው፤ የሐምሌ መብረቅ አይታመንም። ፍርፋሪ አንድ እንዳይቀር ጥረግ፤ አይጥ ለፍርፋሪ ገብቶ ገመድ ቆርጦ ነው የሚወጣው። ደግሞ ሐይቁ እስከ መስከረም እየሞላ ነው የሚሄደው፤ ግቢው ዝቅ ያለ ከሆነ መኪናዋን ከፍ ወዳለው ጥግ አቁማት። እኔ አንዴ ደንገል በበቀለበት ዳር አቁሜ ጎማው ድረስ ደርሶብኛል።

ባለ ሚኒባሱ፣ መስከረም 14

እንኳን አደረሳችሁ። ተመለስኩ፣ ሣጥኑንም ትናንት ከፈትኩት። ሌንሶቹ ንጹሕ ናቸው፤ ሲሊካው ግማሹ ሮዝ ሆኗል። ባትሪው 12.5 ያሳያል፤ አጎቴ ነሐሴ ላይ አንዴ ቻርጅ አድርገውታል። ቲቪው በራ፣ ፍሪጁም ያቀዘቅዛል።

የረሳሁት ሁለት ነገር ነው። የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ውስጥ ጉንዳን ቤት ሠርቷል፣ በጥርስ ብሩሽ አወጣሁት። የቲቪው ሪሞት ደግሞ በር ኪስ ውስጥ ከነድንጋዩ ቀርቶ ኖሮ ድንጋዩ ፈሷል፤ ስፕሪንጉ ላይ ነጭና ሰማያዊ ነገር ጋግሮበታል። ይጸዳል ወይስ ልጣለው?

መልስ፦ ጠጋኙ

ይጸዳል። ጓንት አድርግ፣ ዓይንህን አትንካ። ድንጋዩን አውጥተህ ጣል። አልካላይን ከሆነ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ላይ አንድ ጠብታ አቸቶ አድርገህ አሸው፤ ትንሽ ይፈላል፣ አትደንግጥ። ከዚያ በአልኮል ጥረገው፣ አንድ ቀን ክፍቱን ይደር። ስፕሪንጉ ተበልቶ ከተሰበረ ይዘኸው ና፣ ከአሮጌ ሪሞት የሚነቀል አይጠፋም።