ለአራት ሰው ቤተሰብ የሚሆን የብስክሌት መጫኛ፦ ጣሪያ ላይ፣ የኋላ በር ላይ ወይስ መጎተቻ ላይ?

ጥያቄ፤ የሁለት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ከ11 እና ከ7 ዓመት ልጆቻችን ጋር ብስክሌት መንዳት ከጀመርን አንድ ዓመት ሆኖናል። እስካሁን የምንሄደው ለቤታችን ቅርብ በሆነው በማውንት ቨርነን የብስክሌት መንገድ ሲሆን፣ ልጆቹ እያንዳንዷን ኩርባ በቃላቸው ስላወቋት አሁን ሌላ ቦታ ማየት ይፈልጋሉ። ያሰብነው ከሸርሊንግተን ተነስቶ እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል የሚዘልቀውን፣ በቀድሞ የባቡር ሐዲድ መስመር ላይ የተሠራውን የደብልዩ ኤንድ ኦ ዲ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ታናሹ ልጃችን ከዚህ ተነስቶ በዚያ መንገድ ላይ ያለችውን ሊስበርግ ከተማን ሊያይ የሚችልበት አቅም ስለሌለው ብስክሌቶቹን በመኪና ወስደን ከዚያው መጀመር ይኖርብናል።

መኪናችን የ2016 ቶዮታ ራቭ ፎር ነው፤ መጎተቻ (ከመኪናው ኋላ ተጎታች የሚያያዝበት ብረት) የለውም። የባለቤቴ ብስክሌት ቀጥ ያለ የላይ ብረት ያለው የተለመደ ዓይነት ነው። የእኔ ግን ቀሚስ ለብሶ ለመውጣት እንዲያመች መሀሉ ዝቅ ያለ ነው። የልጆቹ አንዱ ባለ 24፣ ሌላው ባለ 20 ኢንች ጎማ ናቸው። በቤታችን ሚዛን ስንመዝናቸው የባለቤቴ 13፣ የእኔ 15፣ የልጆቹ 12 እና 10 ኪሎ ሆነዋል። ጉልበቴን ስለሚያመኝ በሚቀጥለው ዓመት የእኔን በኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመለወጥ አስበናል።

አራቱንም በአንድ ጊዜ የሚሸከም መጫኛ ለመግዛት ሱቅ ሄደን ሻጩ ሦስት ዓይነት አሳየን፤ በጣሪያ ላይ የሚገጠም፣ በኋላ በር ላይ በቀበቶ የሚታሰር እና መጎተቻ ላይ የሚሰካ። የትኛውም ይሆናችኋል አለን። እኔ ግን ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠው በፍጥነት መንገድ ላይ ስለምሄድ ይህ መልስ አላሳመነኝም። በተግባር የሞከራችሁት ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የኋላ ታርጋችን በብስክሌቶቹ መሸፈኑም ያሳስበኛል።

መልስ 1፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ ብስክሌቶቹን አስቀድመው መመዘንዎ ትልቅ ነገር ነው፤ አብዛኛው ሰው መጫኛውን ከገዛ በኋላ ነው ስለ ክብደት የሚያስበው። እኔ ላለፉት ስምንት ዓመታት ሦስቱንም ዓይነት ተጠቅሜያለሁ፤ ስለዚህ የማውቀውን በቅደም ተከተል ሳይሆን ለእርስዎ በሚያስፈልግዎ መጠን እነግርዎታለሁ።

የጣሪያውን ቶሎ እንለፈው። አሥራ አምስት ኪሎ ብስክሌት ከራስ በላይ አንስቶ ማስቀመጥ ለጤነኛ ጉልበትም ከባድ ነው፣ የኤሌክትሪኩን ደግሞ ፈጽሞ አያስቡት። ከዚህም በላይ በጣሪያ ላይ የቆመ ብስክሌት የመኪናውን ከፍታ ወደ ሁለት ሜትር ከሰባ ያደርሰዋል። ሰው ደክሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ይህን ረስቶ ከምድር በታች ወዳለ መኪና ማቆሚያ በመግባቱ ብስክሌቱንም ጣሪያውንም የሰበረ ጎረቤት አለኝ። ነፋሱን ስለሚገታም ነዳጅ ይበላል።

ለእርስዎ የሚሻለው መጎተቻ ላይ የሚሰካው ነው። እሱም ሁለት ዓይነት መሆኑን ሻጩ የነገራችሁ አይመስለኝም። አንደኛው ብስክሌቱ በላይ ብረቱ ከሁለት ክንዶች ላይ የሚንጠለጠልበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሁለቱ ጎማዎች በሐዲድ መሰል መድረክ ላይ ቆመው የፊት ጎማው ከላይ በክንድ የሚያዝበት ነው። የሚንጠለጠለው ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የእርስዎ ብስክሌት መሀሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ በክንዶቹ ላይ አይቀመጥም፤ ከመቀመጫው ምሰሶ እስከ መሪው የሚዘረጋ፣ የላይ ብረቱን የሚተካ ብረት ተገዝቶ ይታከልበታል። የትንንሽ ልጆች ብስክሌትም ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ችግር አለው። ባለመድረኩ ግን የሚይዘው ጎማውን ስለሆነ የፍሬሙ ቅርጽ ምንም አያግደውም፤ ቀለሙንም አይፍቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይህን ሻጮች አዘውትረው አይናገሩም። መጎተቻው ራሱ ብዙ ሊሸከም ይችላል፤ ባለ 2 ኢንች መጎተቻ ላይ 350 ፓውንድ የሚል ጽሑፍ ሊያዩ ይችላሉ። ነገር ግን የሚወስነው ትንሹ ቁጥር ነው። የእርስዎ ራቭ ፎር እንዲጎትት የተፈቀደለት 1500 ፓውንድ ሲሆን፣ በመጎተቻው ጫፍ ላይ ወደ ታች ሊያርፍ የሚገባው ክብደት በተለምዶ የዚህ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 150 ፓውንድ ወይም 68 ኪሎ ገደማ ነው። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ከፍተው ያረጋግጡት። አራት ብስክሌት የሚይዝ ባለመድረክ መጫኛ ብቻውን 30 ኪሎ እና ከዚያ በላይ ይመዝናል። በዚያ ላይ የእናንተን 50 ኪሎ ሲጨምሩበት ከ80 ያልፋል። መኪናው ላይሰበር ይችላል፤ ነገር ግን ሸክሙ ከኋላ ጎማዎቹ ርቆ ስለሚንጠለጠል እያንዳንዱ ጉድጓድ ክብደቱን ያበዛዋል፣ የፊት ጎማዎቹም ይቀላሉ። ልጆች የተቀመጡበት መኪና ላይ ይህን አላደርግም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ አራቱንም ውጭ መስቀል የለባችሁም። ሁለት ብስክሌት የሚይዝ ጥሩ ባለመድረክ መጫኛ ግዙና የአዋቂዎቹን እዚያ ጫኑ፤ የልጆቹን የፊት ጎማ ፈትታችሁ፣ መሪውን አዙራችሁ፣ በመካከላቸው አሮጌ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አድርጋችሁ ከኋላ ወንበር ጀርባ ባለው የዕቃ ቦታ አስገቧቸው። እኔ በዚሁ መጠን ባለ መኪና የልጆቼን እንዲህ አድርጌ ነው ለዓመታት የወሰድኩት፤ መቀመጫ ማጠፍ አላስፈለገኝም። መጫኛው 22 ኪሎ ቢሆን፣ የሁለታችሁ ብስክሌት 28፣ ድምሩ 50 ነው። የኤሌክትሪኩ መጥቶ 25 ኪሎ ቢመዝን እንኳ 60 ላይ ይቆማል።

መልስ 2፤ ከፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ

ከላይ በተሰጠው መልስ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም መጎተቻ ማስገጠም ራሱን የቻለ ወጪ ስለሆነ በቀበቶ የሚታሰረውን ለሚያስብ አንባቢም አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። እኔ እሱን ለሦስት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፤ ለሁለት ቀላል ብስክሌቶችና ለአጭር መንገድ መጥፎ ነው አልልም።

የደረሰብኝን ግን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። በዝናብ ቀን ከማናሳስ ስመለስ ቀበቶዎቹ ረጥበው ላሉ፤ እኔ በመስታወት ስመለከት ብስክሌቶቹ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ መሆናቸውን አየሁና ዳር ይዤ ቆምኩ። የአንዱ ጎማ ወደ ጭስ መውጫው ተጠግቶ ኖሮ ጎማው ቀልጦ አገኘሁት። ከኋላዬ የመጣ ሰው አለመጎዳቱን ሳስብ ዛሬም ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ ከተነሣሁ ከጥቂት ማይሎች በኋላ ሁልጊዜ ቆሜ እያንዳንዱን ማሰሪያ በእጄ አጠብቃለሁ፤ የቀበቶውን ትርፍ ጫፍም በነፋስ እንዳይገረፍ እቋጥረዋለሁ።

በተጨማሪም ራቭ ፎርን የመሰሉ መኪናዎች በኋላ በራቸው አናት ላይ የፕላስቲክ ክንፍ አላቸው። የቀበቶው መንጠቆ በዚያ ላይ ሲያርፍ ይሰነጥቀዋል። አምራቾቹ የትኛው መጫኛ በየትኛው መኪና ላይ እንደሚሄድ ዝርዝር ስለሚያወጡ፣ የመኪናዎ ዓመተ ምርትና ዓይነት በዝርዝሩ ከሌለ ሻጩ ምንም ቢልዎ አይግዙት።

መልስ 3፤ ከፍራንክፈርት፣ ጀርመን

ስለ ታርጋው ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እስካሁን ማንም ስላልመለሰው ከምኖርበት አገር ልምድ ተነሥቼ ልጻፍ። በጀርመን መጫኛው ታርጋውን ከሸፈነ ሦስተኛ ታርጋ አሠርቶ በመጫኛው ላይ መለጠፍ ግዴታ ነው። ቁጥሩ ከመኪናው ጋር አንድ ሲሆን የመንግሥት ማኅተም አያስፈልገውም። የኋላ መብራቶቹ ከተሸፈኑም መጫኛው የራሱ መብራት ሊኖረው ይገባል። ለዚህም ነው እዚህ በመጎተቻ ኳስ ላይ የሚቀመጡት መጫኛዎች የታርጋ ቦታና መብራት ተሠርቶላቸው፣ በመኪናው ሶኬት ላይ የሚሰካ ገመድ ይዘው የሚመጡት። በአሜሪካ ሕጉ እንደየግዛቱ ስለሆነ የቨርጂኒያን ድንጋጌ ከመግዛትዎ በፊት ያንብቡ። ሕጉ ምንም ይበል፣ የፍሬን መብራትዎ ከኋላ ላለው ሾፌር በግልጽ መታየቱን ግን አንድ ሰው ከኋላ አቁመው፣ ፍሬን ረግጠው ያረጋግጡ።

ስለ ኤሌክትሪክ ብስክሌቱም አንድ ነገር ልጨምር። ባትሪውን ሁልጊዜ ነቅላችሁ መኪና ውስጥ አስቀምጡት። ክብደቱ በሁለት ተኩል ኪሎና ከዚያ በላይ ይቀንሳል፣ ባትሪውም ከዝናብና ከንዝረት ይድናል። መጫኛውን ሲመርጡ ደግሞ ጠቅላላ አቅሙን ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ብስክሌት የተፈቀደውን ክብደት ይጠይቁ፤ ሁለት ብስክሌት የሚይዝ ቢሆንም ለአንዱ ከ18 ኪሎ በላይ የማይፈቅድ መጫኛ ለእርስዎ ከአንድ ዓመት በላይ አያገለግልም።

የጠያቂዋ ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በአንድ ቀን ይህን ያህል እማራለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። ዛሬ ማታ ከባለቤቴ ጋር የልጆቹን የፊት ጎማ ፈትተን ሞከርነው። ባለ 20ው በቀላሉ ገባ፤ ባለ 24ቱ ግን በሩ እንዲዘጋ የብስክሌቱን መቀመጫም ዝቅ ማድረግ አስፈልጎናል። የመኪናው መጽሐፍም 1500 ፓውንድ ይላል። ስለዚህ መጎተቻውን አስገጥመን ሁለት ብስክሌት የሚይዘውን ባለመድረክ ለመግዛት ወስነናል።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ እኔ ሳልሄድ ባለቤቴ ከልጆቹ ጋር ብቻ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ባለ 20 ኢንቹን ከእሱ ጋር ውጭ መጫን ይችላል?

መልስ 1፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይችላል፤ ነገር ግን ሁሉም መጫኛ ለትንሽ ጎማ አይሆንም። የፊት ጎማውን የሚይዘው ክንድ እስከ 20 ኢንች ዝቅ ብሎ መያዝ መቻሉን፣ የኋላ ጎማውን የሚያስረው ቀበቶም በሐዲዱ ላይ ወደ ፊት ተንሸራቶ አጭሩን ብስክሌት መድረስ መቻሉን ይመልከቱ። መጽሐፉን ከማመን የልጁን ብስክሌት ይዛችሁ ሱቅ ሂዱና እዚያው ለማሳያ በቆመው ላይ ጫኑት። የእርስዎንም አብረው ይውሰዱ፤ ሁለት ብስክሌቶች ጎን ለጎን ሲቆሙ የአንዱ መሪ ከሌላው መቀመጫ ጋር የሚጋጭ ከሆነ አንዱን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ አዙሩት፤ ከባዱ ሁልጊዜ ለመኪናው በሚቀርበው ሐዲድ ላይ ይሁን።

ሌላው፣ ከብስክሌቶቹ ጋር ወደ ታች ዘንበል የሚል መጫኛ ይምረጡ። ያለበለዚያ ከኋላ ያስገባችኋቸውን የልጆቹን ብስክሌቶች ለማውጣት ከውጭ ያሉትን በሙሉ ማውረድ ይኖርባችኋል። ሲያዘነብሉት ብስክሌቶቹ ከበሩ መንገድ መውጣታቸውንም እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ በራሳችሁ መኪና አስሞክሯቸው።