የአባቴን ቤልጅግ በርሜሉን ሳልጎዳ እንዴት ልወልውል?

የይፋት ልጅ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ያወረሰኝ ፈቃድ ያለው ቤልጅግ ጠመንጃ አለኝ፣ ባለ 7.92 ሚሊሜትር። ባለፈው ወር ከርከሮ ማሽላውን ሲፈጀው ሁለት ጊዜ ተኩሼበት እንዲሁ ሰቀልኩት። ትናንት አውርጄ ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን ባየው፣ ውስጡ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ይመስላል። የአጎቴ ልጅ «ይኼማ ቀላል ነው» ብሎ የድስት መፈተጊያ ሽቦ በቀጭን ብረት ጫፍ ጠምጥሞ በአፈሙዙ በኩል ሦስት አራቴ አመላለሰው። ጥርስ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ሲያሰማ ቀማሁት። ጥይቱም የድሮ ነው፣ ከአባቴ ጋር የኖረ። ቤት ውስጥ ያለኝ ነጭ ጋዝ፣ የኑግ ዘይትና ከወፍጮ ቤት ያመጣሁት የተቃጠለ ዘይት ነው። በየትኛው ልወልውለው?

ጡረተኛው መሣሪያ ጠጋኝ፦
ልጄ፣ መቀማትህ ደግ አደረግህ። ከሁሉ በፊት ካዝናውን አራግፍ፤ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይንህ እይ፣ በትንሿ ጣትህም ዳስስ። ባዶ መሆኑን «አውቃለሁ» አይባልም።

በግምጃ ቤት ስሠራ፣ በተኩስ ብዛት ካለቀው በርሜል ይልቅ በወልዋይ ያለቀው ነበር የሚበዛብኝ። ጥይት ሲወጣ መጨረሻ የሚነካው የአፈሙዙን ጠርዝ ነው። ዘንጉ ያንን ጠርዝ በአንድ ወገን ከበላው፣ የባሩዱ ጋዝ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና ጥይቱን ያዘነብለዋል። ከዚያ በኋላ ዒላማ ሳትኩ ብሎ ዓይንን መውቀስ ነው። ስለዚህ ቤልጅግ ሁልጊዜ ከኋላ ይወለወላል። መቀባበያውን ከፍተህ፣ በግራ በኩል ከኋላ ያለችውን መያዣ ወደ ውጭ ሳባት፤ መቀባበያው ሙሉ በሙሉ ተስቦ ይወጣልሃል። ክላሽ ከኋላ ስለማይመች ነው የመወልወያ ዕቃው ቆርቆሮ ክዳን በአፈሙዙ ላይ የሚገጠመው፤ ዘንጉን መሐል ለመሐል ይመራዋል። ብዙ ልጆች ክዳኑን ይጥሉታል።

ቀይዋ ነገር ደግሞ ከጥይቱ ነው የመጣችው። በድሮ ጥይት ቀለህ ቂጥ ላይ መርፌው የሚመታት እሳት ሰጪ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረባት። ስትነድ ጨው ትተዋለች፤ ጨዉ እርጥበት ይስባል፣ ብረቱ ይዝጋል። መፍትሔው የፈላ ውሃ ነው።

ሰምና ፈትል፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ውሃ በብረት ላይ? ለዝገት ዝገት መጨመር አይሆንም? ዘይት አይበቃም?

ጡረተኛው መሣሪያ ጠጋኝ፦
ጥሩ ጠየቅህ። አንድ ቁንጥጫ ጨው በዘይት፣ አንድ ቁንጥጫ በውሃ ጨምርና እይ። በዘይቱ ውስጥ እንደተቀመጠ ያድራል። ዘይት የምትቀባው ጨዉ ከታጠበ በኋላ ነው፤ አለዚያ ጨዉን ከነሕይወቱ መሸፈን ነው።

አፈሙዙን ወደ ታች ደፍተህ በበራድ ከኋላ ቀስ እያልክ አንድ ሊትር ያህል አፍስስ። እንጨቱ እንዳይነካው በጨርቅ ጠቅልለው። በፈላ ውሃ በርሜሉ ራሱ ስለሚሞቅ ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፣ ጨርቁ እርጥበት እስኪያጣ ድረስ። ይህ ግን ወዲያው ከተኮሱ በኋላ፣ በዚያው ቀን የሚደረግ ነው፤ አንተ ወር አሳልፈሃል።

ሚኒሶታ ያለ አዳኝ፦
እኔ እዚህ በየኅዳሩ አጋዘን አድናለሁ፤ የገዛሁት የመጀመሪያ መወልወያ ሦስት ቦታ የሚቀጣጠል የአሉሚኒየም ዘንግ ነበር፣ ያስቆጨኛል። የመገጣጠሚያው ጠርዝ ይፍቃል፤ አሉሚኒየሙም ለስላሳ ስለሆነ አሸዋና ብናኝ ይሰካበትና እንደ ሞረድ ይሆናል። ያልተቀጣጠለ፣ ፕላስቲክ የተለበሰ አንድ ወጥ ዘንግ ይሻላል፤ ባወጣኸው ቁጥር በጨርቅ ጥረገው። ዘንግ ካጣህ ጠንካራ የናይለን ገመድ ጫፉ ላይ ትንሽ እርሳስ አስረህ ከኋላ ጣል፣ ጨርቁን በሌላው ጫፍ አስረህ ቀጥ አድርገህ ሳብ። ወደ ጎን ከሳብከው ገመድም አፈሙዝ ይበላል፤ የጉድጓድ አፍ ላይ ያለውን ድንጋይ ገመድ ሲሸረክተው አይታችኋል።

ቡርሹ የነሐስ ይሁን፣ የብረት አይሁን። መሐል ላይ ሳለ አትመልሰው፤ እስከ መጨረሻው ይውጣ። አሞኒያ ያለበት የመዳብ ማስለቀቂያ ካገኘህ ደግሞ አታሳድረው። ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ «ገና አልጸዳም» ብለህ ቀኑን ሙሉ እንዳትፈትግ፤ ማስለቀቂያው የራስህን የነሐስ ቡርሽ እየበላው ሊሆን ይችላል። እኔ አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ አልፎብኛል።

ጡረተኛው መሣሪያ ጠጋኝ፦
ዕቃዎችህን ልመልስልህ። ነጭ ጋዝ ይሆናል፤ ጥላሸቱንም ዝገቱንም ያላላል። የተቃጠለውን ዘይት ለበር ማጠፊያም አልመክርህም፣ ሞተሩ የፈጨው የብረት ብናኝ አለበት። ኑጉን ለእናትህ መልስ። ምጣድ በዘይት ሲሟሽ ደርቆ እንደሚያብረቀርቀው፣ ኑግ በብረት ላይ ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። ያልተነካ ቀጭን የሞተር ዘይት፣ ከተገኘም የስፌት መኪና ዘይት፣ በጣም ስስ አድርገህ። አመድ የሚሉህ ካሉ አትስማ።

የይፋት ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማታ በነጭ ጋዝ አርሼ አሳደርኩት፤ ጠዋት በነሐስ ቡርሽ ከኋላ አሥር ጊዜ ያህል፣ ከዚያ ጨርቅ። የመጀመሪያዎቹ አራት ጨርቆች እንደ ቡና አተላ ወጡ፣ ሰባተኛው ላይ ነጣ። የፈላ ውሃውንም አልተውኩም። በበርሜሉ ውስጥ የተጠማዘዘው ቦይ አሁን ጥርት ብሎ ይታያል፤ ግን ጥይት መጉረሻው አጠገብ ሦስት ጥቃቅን ጉድጓዶች ቀርተዋል። ልፋቃቸው?

ጡረተኛው መሣሪያ ጠጋኝ፦
ተዋቸው። የበላው ብረት በመፋቅ አይመለስም፣ ጉድጓዱን ታሰፋዋለህ እንጂ። እነሱ ጥላሸት ይይዛሉና ከተኩስ በኋላ ቶሎ ወልውል፣ ያ ብቻ ነው። እኔን ያሳሰበኝ የአጎትህ ልጅ ሽቦ ነው። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ያዝና ከውስጥ ወደ ውጭ በአፈሙዙ ጠርዝ ዙሪያውን ጎትተው። ጥጡ የሚያዝበት ቦታ ካለ ተቧጭሯል።

የይፋት ልጅ፦
አንድ ቦታ ላይ ክር ተመዘዘ። ከዒላማ ማያው በስተግራ በኩል።

ጡረተኛው መሣሪያ ጠጋኝ፦
አንድ ከሆነ ለከርከሮ ይበቃሃል። ራስህ በሞረድ አትንካው፤ ጠርዙን ዙሪያውን እኩል አድርጎ የሚከረክም ባለሙያ ጋ ከፈቃድህ ጋር ውሰደው። ደግሞ ከመተኮስህ በፊት የቀባኸውን ዘይት ከበርሜሉ በደረቅ ጨርቅ አውጣ፤ የተረሳ ጨርቅም እንዳይኖር ወደ ብርሃን አይተህ።