ቴክኖሎጂ ረከሰ ይባላል፤ ታዲያ እኔ ለምን ከአባቴ የበለጠ አወጣለሁ?

የማታ_ወፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ የአባቴን ዕቃዎች ሳስተካክል የድሮ ካልኩሌተሩን አገኘሁት። ቁልፎቹ ወፍራም ናቸው፣ ሲጫኗቸው ቀጭ ይላሉ። ከጀርባው ስሙን በመርፌ ጫፍ ጭሮ ጽፎበታል። አዲስ ባትሪ ባስገባለት ቁጥሮቹ ቀይ ሆነው ቦግ አሉ። ካልኩሌተር ላይ ስም የሚጻፍበት ዘመን ነበር ማለት ነው! እኔ ሴት ልጁ ስልኬ ላይ እንኳ ስሜን ጽፌ አላውቅም።

ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ቴክኖሎጂ ከዓመት ዓመት እየረከሰ ነው ይላል። እሺ። እኔ ግን በአስር ዓመት ውስጥ አራት ስልክና ሁለት ላፕቶፕ ገዝቻለሁ፣ የጆሮ ማዳመጫውንማ ቆጥሬም አልጨርሰው። አባቴ በዕድሜው ሙሉ የገዛው ኤሌክትሮኒክስ በጣት የሚቆጠር ነው። የምር ረክሷል? ወይስ ረከሰ የሚሉን ሻጮቹ ናቸው? የምታውቁ አስረዱኝ፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ቁጥር_ወዳድ

ሰላም እህቴ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ዋጋውም ዕቃዎቹ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተሸጡበት ነው።

ቀይ ቁጥር የሚያበራ ከሆነ የ1970ዎቹ ዕቃ ሳይሆን አይቀርም። በ1972 ሂውሌት ፓካርድ ኤችፒ-35 የሚባል የኪስ ካልኩሌተር አወጣ። ሳይን፣ ኮሳይን፣ ሎጋሪዝም ሁሉ ይሠራል። ዋጋው 395 ዶላር ነበር፣ ይህም በዛሬ የዶላር አቅም ወደ 3,000 ይጠጋል። በ1976 ደግሞ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲአይ-30ን አመጣ። እሱም ሳይንና ሎጋሪዝም ይሠራል፣ ዋጋው ግን 25 ዶላር። አራት ዓመት ብቻ! አባትሽ ቀደም ብሎ ገዝቶት ከሆነ ስሙን ቢጽፍበት አይገርመኝም።

ዋናው ምክንያት ቺፕ ነው። ድሮ እያንዳንዱ ትራንዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋው ትንሽ ክፍል፣ ለብቻው ተሠርቶ ለብቻው ይበየድ ነበር። ቺፕ ሲመጣ ሁሉም በአንድ የሲሊከን ሳህን ላይ አንድ ላይ ይታተሙ ጀመር። ትራንዚስተሩ ባነሰ ቁጥር ከዚያው ሳህን ብዙ ይወጣል፣ ሳህኑን የማዘጋጀት ወጪ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ኋላ ኢንቴል የተባለውን የቺፕ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ጎርደን ሙር በ1965 የጻፈው ይህንኑ ነው፤ በአንድ ቺፕ ላይ የሚያርፉት ክፍሎች በየዓመቱ እጥፍ እየሆኑ ነው አለ፣ በ1975 ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ብሎ አስተካከለው።

እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ ግን ሃርድ ዲስክ ነው። አይቢኤም በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ዲስክ የቁም ሣጥን ያህላል፣ ውስጡ 50 ትልልቅ ሳህኖች ይሽከረከራሉ፣ ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ የሚይዘው 5 ሜጋባይት አካባቢ ነበር። በ1980 ሲጌት ያንኑ 5 ሜጋባይት ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ኮምፒውተር ውስጥ እንዲገባ አሳንሶ 1,500 ዶላር ሸጠው። ዛሬ ስልክሽ የሚያነሳው አንድ ጥርት ያለ ፎቶ ያን ዲስክ ጢም አድርጎ ሊሞላው ይችላል።

ስልክም እንደዚያው ነው። ሞቶሮላ በ1983 ያስተዋወቀው ዳይናታክ 3,995 ዶላር ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ታወሪበታለሽ፣ ከዚያ አስር ሰዓት ቻርጅ ታደርጊዋለሽ።

ስለዚህ አዎ፣ የምር ረክሷል።

ቆጣቢው

ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን እህታችን የጠየቀችው ይህን አይመስለኝም። የአንድ ሜጋባይት ዋጋ ወረደ። የሷ ወጪ ግን አልወረደም። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሱቅ ገብቶ ሜጋባይት የሚገዛ የለም፣ ሰው የሚገዛው ስልክ ነው። የመጀመሪያው አይፎን በ2007 ሲወጣ ባለ 4 ጊጋባይቱ 499 ዶላር፣ ባለ 8ቱ 599 ነበር። ያኔ ሁሉም ሰው ውድ ነው ብሎ ጮኸ፣ አፕልም ገና ሦስት ወር ሳይሞላ ባለ 8ቱን ወደ 399 አወረደው። በ2017 የወጣው አይፎን ኤክስ ደግሞ 999 ዶላር ነው የጀመረው። ቺፑ ሲረክስ አምራቹ ዋጋውን ከመቀነስ ይልቅ ተጨማሪ ካሜራ፣ የተሻለ ስክሪንና ብዙ ሚሞሪ ይጨምርበታል። ርካሽ ስልክ የለም እያልኩ አይደለም፣ ሞልቷል፣ ያውም ዳይናታክ በህልሙ የማያየውን የሚሠራ። ግን ሁላችንም ዓይናችን የሚያርፈው ከላይ ባለው ላይ ነው።

ደግሞ ሁሌ ይወርዳል ማለትም አይደለም። በ2011 ታይላንድ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የሃርድ ዲስክ ፋብሪካዎች ቆመው ዋጋው በአንዴ ተተኮሰ። ከዓለም ዲስክ ትልቅ ድርሻው የሚመረተው እዚያ ነበርና። እኔ ያኔ ለሥራ አንድ ዲስክ በጣም እፈልግ ነበር፣ ዛሬ ይወርዳል ነገ ይወርዳል እያልኩ ወራት ጠበቅኩ፣ የድሮዬ ዲስክ ግን አልጠበቀኝም። የሁለት ዓመት ፎቶዎቼን ይዞ ሞተ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አንድ ነገር ግን ለአባትሽ ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል። ካሜራ፣ ቴፕ፣ ሬዲዮ፣ ሰዓት፣ ካርታ፣ የእጅ ባትሪ፣ ካልኩሌተር፣ እነዚህ ሁሉ ለየብቻ ይገዙ ነበር። ዛሬ ሁሉም ስልክሽ ውስጥ ናቸው። ይህን ከደመርሽ ልዩነቱ ትንሽ ይጠብባል።

ሽቦና_ቆርቆሮ

ልጄ፣ ሬዲዮና ቴፕ እየጠገንኩ ከአርባ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። አባትሽ ያነሰ ያወጣው ዕቃው ርካሽ ስለነበር አይደለም። አንዴ ገዝቶ ብዙ ዓመት ስለሚገለገልበት ነው።

የድሮ ሬዲዮ ስትከፍቺ ብዙ ጊዜ የጀርባው ክዳን ላይ የሽቦው ንድፍ ተለጥፎ ታገኛለሽ። ሠሪው ራሱ አንድ ቀን ይበላሻል፣ ሰው ይከፍተዋል ብሎ አስቦ ነው የለጠፈው። አራት ብሎን ትፈቺያለሽ፣ የተቃጠለውን ነቅለሽ በሌላ ትበይጂያለሽ፣ አለቀ። አሁን ስልክ ስከፍት መጀመሪያ መስታወቱን አሙቃለሁ፣ ሙጫው ሲላላ በቀጭን ፕላስቲክ እየፈለቀቅኩ እዞረዋለሁ፣ እስትንፋሴን ይዤ፣ ትንሽ ከበዛ ስክሪኑ ይሰነጠቃል። ከሙጫው ሥር ደግሞ ባትሪው ራሱ ተጣብቋል። ባለፈው የራሴን ስልክ ባትሪ ቀየርኩ። በትክክል ይሠራል፣ ስልኩ ግን ያልታወቀ ዕቃ ገብቷል እያለ በየጊዜው ያስጠነቅቀኛል። አርባ ዓመት የጠገነ ሰው ነኝ፣ በገዛ ስልኬ። በጣም ነው የከፋኝ።

ባትሪ ደግሞ የሚያልቅ ዕቃ ነው። የሊቲየም ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ500 ሙሉ ቻርጅ በኋላ አቅሙ ወደ 80 ከመቶ ይወርዳል። ስልኩ አልሞተም፣ ባትሪው ነው የደከመው። ሰው ግን በአንዱ ምክንያት ሙሉውን ይጥላል። አራቱን ስልኮችሽን ለምን እንደቀየርሻቸው እስቲ አስቢ።

ተስፋም አለ። የአውሮፓ ኅብረት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከየካቲት 2027 ጀምሮ ባለቤቱ ራሱ አውጥቶ የሚቀይረው ባትሪ እንዲሆን የሚያስገድድ ሕግ አውጥቷል። ለአንዳንድ ዕቃ የተለየ አሠራር አለው፣ ቢሆንም ደስ ብሎኛል።

የማታ_ወፍ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አንዱ ስልክ ወድቆ ተሰበረ። ሌላው ሶፍትዌሩ መታደስ ሲያቆም የባንኩ አፕ እምቢ አለ። ሁለቱ ግን በባትሪ ነው የተቀየሩት፣ በባትሪ ብቻ! አንደኛው አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ስክሪኑ ጭረት እንኳ የለውም። ባትሪው ተቀይሮለት ለእናቴ ቢሰጥ ይሆናል?

ሽቦና_ቆርቆሮ

እንዴታ። መጀመሪያ ግን ጎኑን እዪው፣ ባትሪው አብጦ ስክሪኑን ወደ ላይ ገፍቶት ከሆነ ቻርጅ እንዳታደርጊው፣ ቀጥታ ለባለሙያ ስጪ። ለእናትሽ ስለሆነ ሶፍትዌሩ አሁንም መታደስ አለመታደሱን አጣሪ፣ ያለበለዚያ እሷም አንድ ቀን የባንክ አፕ ይዘጋባታል። ደግሞ የአባትሽን ካልኩሌተር መልሰሽ ከማስቀመጥሽ በፊት ባትሪውን አውጪለት። ውስጡ ከቆየ ያፈስና ቦርዱን ይበላዋል። በዚህ የተበላሸ ስንት ጥሩ ዕቃ በእጄ አልፏል።

የማታ_ወፍ

አሁን አወጣሁት። ለብቻው በወረቀት ጠቅልዬ አጠገቡ አስቀምጫለሁ።