ከቆራሌው የተገዙ ስምንት ሱፐርካፓሲተሮች ለምን ይሁኑ?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ቆራሌው በኪሎ የገዛሁትን የተበላሸ የኃይል መጠባበቂያ ስፈታ ስምንት ሱፐርካፓሲተሮች፣ ማለትም እንደ ባትሪ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ግን ቶሎ የሚሞሉና ቶሎ የሚለቁ ዕቃዎች አገኘሁ። በእያንዳንዳቸው ላይ 2.7 ቮልት፣ 400 ፋራድ (የመያዝ አቅማቸው መለኪያ) የሚል ጽሑፍ አለ፤ መጠናቸውም የትልቁን የባትሪ ድንጋይ ያህላል። ከዚህ ሌላ ከአሮጌ ቴፖች ያወጣኋቸው ሦስት ሳንቲም መሳይ ባለ 5.5 ቮልት፣ 1 ፋራድ ካፓሲተሮችም አሉኝ። ሐሳቤ መብራት ሲጠፋ ለምሽት የሚሆን አምፖል ማብራት፣ ቢቻል ደግሞ ሞባይል መሙላት ነበር። ወንድሜ በበኩሉ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ጠዋት አልነሣ የሚለውን ባጃጁን እንዲያስነሡለት ይመኛል፤ እኔ ግን ነገሩን እንደ ቀልድ ነው ያየሁት። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከደብረ ሲና

ወንድሜ፣ ካዊያ ከማንሣትህ በፊት ሒሳቡን እንሥራ። የካፓሲተር ጉልበት የፋራዱ ግማሽ በቮልቱ ስኩዌር ሲባዛ የሚገኘው ነው። ስምንቱን በትይዩ አያይዘህ ለጥንቃቄ እስከ 2.5 ቮልት ብቻ ብትሞላቸው በድምሩ 10,000 ጁል፣ ማለትም 2.8 ዋት-ሰዓት ገደማ ይይዛሉ። የአንድ ባለ 4,000 ሚሊአምፔር ሞባይል ባትሪ 15 ዋት-ሰዓት ያህል ስለሚይዝ፣ የሞባይሉን ነገር ከወዲሁ ብትተወው ይሻላል።

መብራቱ ግን ይሆናል። ቮልቱ በግማሽ እስኪወርድ ድረስ ከጉልበቱ ሦስት አራተኛው ይወጣል፤ ከ0.9 ቮልት ጀምሮ የሚሠራ አነስተኛ ቮልት አሳዳጊ ሰርኪት ብትጨምርበትና የሚባክነውን ብንቀንስ፣ 0.3 ዋት የሚወስድ የኤልኢዲ መብራት አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ያበራልሃል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተለኩሶ እስከ መኝታ ያደርሳል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሞላሉ ላይ ነው። 18 ቮልት የሚያመነጭ ባለ 5 ዋት ሶላር ፓኔል በቀጥታ ቢያያዝ፣ ካፓሲተሩ ቮልቱን ወደ ራሱ ስለሚጎትተው የሚገኘው 0.28 አምፔር ብቻ ይሆንና ለመሙላት 8 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በመሐል ቮልት ቀናሽ ሰርኪት ከገባ ግን ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። የምትገዛው ሰርኪት ቮልቱን ብቻ ሳይሆን አምፔሩንም የሚገድብ መሆን አለበት፤ ባዶ ሱፐርካፓሲተር ለሰርኪቱ ከሾርት የማይለይ በመሆኑ ገደብ የሌለው ሰርኪት ወዲያው ይቃጠላል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ በአንድ ፈትናቸው። 2.5 ቮልት ሙላና በ1 ኦም፣ ባለ 10 ዋት የሲሚንቶ ሬዚስተር እያፈሰስህ ከ2 ቮልት ወደ 1 ቮልት ለመውረድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ መዝግብ። ጤነኛው 277 ሰከንድ አካባቢ ይወስዳል፤ ከ220 በታች የወረደው አርጅቷል።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት

በመብራቱ ሐሳብ አልስማማም፤ ይሠራል፣ ነገር ግን ያንኑ ሥራ አንድ ተራ የሊቲየም ባትሪ ይሠራዋል። የሱፐርካፓሲተር ሞያው ብዙ መያዝ ሳይሆን በአንዴ መስጠት ነው፤ ስለዚህ እንደ ቀልድ የቆጠሩት የወንድምዎ ሐሳብ ከሁሉም የተሻለ ነው። የባጃጅ ባትሪ በብርድ የሚደክመው በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ስለሚዘገይ ነው፤ ሱፐርካፓሲተር ግን በአብዛኛው ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ይሠራል፣ የደብረ ብርሃን ውርጭም አያስቸግረውም።

ስድስቱን በተከታታይ ቢያያይዙ 67 ፋራድ ገደማ ይሆናሉ፤ ሞተሩ ሲሠራ የሚመጣው 14.4 ቮልት ለስድስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2.4 ስለሚደርሰው በቂ ትርፍ አለ። ከባትሪው ጎን በትይዩ ሲገቡ፣ ስታርተሩ 60 አምፔር ቢስብ እንኳ ካፓሲተሮቹ ብቻቸውን ከ12.4 ወደ 9 ቮልት እስኪወርዱ አራት ሰከንድ ያህል ይሸከሙታል።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገርዎ። እኔ ሁለት አሮጌ ሱፐርካፓሲተሮችን ያለ ማመጣጠኛ በተከታታይ አያይዤ 5 ቮልት ሞላሁባቸው፤ አንደኛው ከድርሻው በላይ ወስዶ ከላይ አበጠ፣ ቤቱም አፍንጫ በሚወጋ ሽታ ተሞላ። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ የሚቀጣጠልና መርዛማ ስለሆነ በርና መስኮት ከፍቼ ወጣሁ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ካፓሲተር ሁለት ጫፎች መካከል ለማመጣጠኛ አንድ ባለ 220 ኦም ሬዚስተር ያድርጉ። ሬዚስተሮቹ 11 ሚሊአምፔር ያለማቋረጥ ስለሚያፈሱ፣ ባጃጁ ለቀናት የሚቆም ከሆነ አንዱን ገመድ ይፍቱት። መጀመሪያ ሲያያይዙም በባጃጁ የፊት መብራት አምፖል በኩል ይሙሏቸው፤ አምፖሉ ደምቆ ቀስ በቀስ ሲጠፋ ሞልተዋል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት የጣት ቀለበት ያውልቁ፤ ሁለቱን ጫፍ የነካ ብረት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ያልፍበታል።

እኛ ዘንድ ቆላው ሌላ ችግር አለው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜያቸው በግማሽ ያጥራል። ስለዚህ ከሞተሩ ግለት ራቅ አድርገው ይሰሯቸው። ሳንቲም መሳዮቹ የውስጥ ሬዚስታንሳቸው ከፍተኛ ስለሆነ ለሞተር አይሆኑም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ለሚዛባበት የግድግዳ ዲጂታል ሰዓት ግን ተስማሚ ናቸው። ሰዓቱ 10 ማይክሮአምፔር ብቻ የሚወስድ ከሆነ አንዱ ብቻውን ከሦስት ቀን በላይ ያቆየዋል።

ከጠያቂው

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስምንቱንም ፈተንኋቸው፤ ስድስቱ ከ259 እስከ 274 ሰከንድ ወሰዱ፣ ሰባተኛው 231፣ ስምንተኛው 188 ሆነ። ስድስቱን ከነሬዚስተሮቻቸው በፕላስቲክ ሣጥን አድርጌ ወንድሜ ባጃጅ ውስጥ ከመቀመጫው ሥር አሠርኋቸው። ትናንት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭቶ ሳለ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ። የቀሩትን ሁለት ደካሞች በትይዩ አያይዤ በ0.1 ዋት ኤልኢዲ ለመጸዳጃ ቤቱ መብራት አደረግኋቸው፤ ሦስት ሰዓት ያህል ያበራሉ። የሰዓቱን ሥራ ለቅዳሜ ትቼዋለሁ።