ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሣ ለማጥመድ ወደ ግልገል ጊቤ ስንሄድ ምን ይዘን እንሂድ?

ጥያቄ (አንድ አባት፣ ከጅማ)

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ታኅሣሥ የ12 ዓመት ልጄን ይዤ ወደ ግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በመሄድ በመንጠቆ ዓሣ ለማጥመድ አስቤያለሁ። ልጄ ይህን ጉዞ ከክረምት ጀምሮ ሲለምነኝ ቆይቷል፤ እኔ ግን በዕድሜዬ መንጠቆ ወደ ውኃ ጥዬ ስለማላውቅ ሁለታችንም ጀማሪዎች ነን። ሐሳቤ በማለዳ ከጅማ ተነሥተን በአሰንዳቦ በኩል ወደ ሐይቁ መድረስና በዚያው ዕለት መመለስ ነው። ጀልባ ስለሌለን የምናጠምደው ከዳር ሆነን ይሆናል። ምን ዓይነት ዘንግ፣ ክርና መንጠቆ ልግዛ? ለዓሣው የሚቀርበው ምግብስ ምንድን ነው? የያዝነውን ሳይበላሽ ቤት ማድረስ የምንችለውስ እንዴት ነው? መንገዱ ለልጅ ይርቃል ከተባለ እዚሁ ከተማችን አጠገብ ያለው የቦዬ ረግረግ ይሻል እንደሆነም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ (በመንጠቆ ሲያጠምዱ ብዙ ዓመታት ያሳለፉ አባል፣ ከሰኮሩ)

ወንድሜ፣ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት የትኛውን ዓሣ እንደሚፈልጉ ይወስኑ፤ የመንጠቆው መጠን፣ የክሩ ውፍረትና የሚቀርበው ምግብ ሁሉ ከዚህ ውሳኔ ይመነጫሉና። ቆሮሶ በቀን የሚመገብና አፉ ትንሽ የሆነ ዓሣ ሲሆን፣ አምባዛ ግን ከውኃው ሥር ካለው መሬት ላይ በአብዛኛው በማታ የሚመገብ ሰፊ አፍ ያለው ዓሣ ነው። እናንተ በቀን ሄዳችሁ በቀን ስለምትመለሱ ዝግጅታችሁ ለቆሮሶ ቢሆን ልጁም ባዶ እጁን የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል።

ለቆሮሶ ቁጥር 6 ወይም 8 መንጠቆ ይበቃል። በመንጠቆ አቆጣጠር ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መንጠቆው እንደሚያንስ ልብ ይበሉ፤ ብዙ ጀማሪ ይህን ባለማወቁ ቆሮሶ ሊጎርሰው የማይችለውን ትልቅ መንጠቆ ገዝቶ ይሄዳል። ክሩ 0.25 ወይም 0.30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይለን ይሁን። ውድ ዘንግ አያስፈልግዎትም፤ ሦስት ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ የደረቀ ቀርከሃ ቆርጠው በጫፉ ላይ የዘንጉን ያህል ርዝመት ያለው ክር ቢያስሩ፣ ከዳር ለሚያጠምድ ልጅ ክር መጠቅለያ ካለው ዘንግ ይልቅ ይቀለዋል። ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ትንሽ እርሳስ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ተንሳፋፊ ቡሽ ይታሰራል። ቡሹን ወደ ላይና ወደ ታች በማንሸራተት ጥልቀቱን ማስተካከል ስለሚቻል አጥብቀው አይሰሩት።

መንጠቆና እርሳስ ከውኃ በታች ባለ እንጨት ተይዞ መቅረቱ የማይቀር ስለሆነ ቢያንስ 10 መንጠቆ ይያዙ። ክር ማሰሩንም ቤታችሁ ተቀምጣችሁ፣ እጃችሁ ደረቅ ሳለ ደጋግማችሁ ተለማመዱት።

ምግቡ የምድር ትል ነው። ጅማ ውስጥ ትል ለማግኘት መቸገር የለም፤ የበሰበሰ የቡና ገለባ ክምር ሥር ወይም እርጥበት ባለው የእንሰት ጓሮ ቆፍራችሁ፣ ክዳኑ በተበሳ ቆርቆሮ ውስጥ ከነአፈሩ አኑሩት። ፀሐይ ላይ ከተተወ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሞታል። ትል የሚቀፈው ሰው በደንብ የታሸ የዱቄት ሊጥ መጠቀም ይችላል፤ ይሁን እንጂ ሊጥ ከመንጠቆው ላይ ቶሎ ይሟሟል።

መልስ (የጤና ባለሙያ፣ ከጅማ)

በዕቃው ዝርዝር ላይ እኔ የምጨምረው ስለ ጤናችሁ ነው። የግልገል ጊቤ አካባቢ የወባ አካባቢ ነው፤ ጅማ ከተማ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች ብዙዎቻችን ይህን እንዘነጋለን። በዚያ የሚገኘው የወባ ትንኝ ከምሽቱ መጀመሪያ አንስቶ ስለሚናከስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከውኃው ዳር ብትነሡ ከሁሉ የተሻለ መከላከያ ይሆናችኋል። ሆኖም ረጅም እጅጌ ያለው ሸሚዝ፣ ረጅም ሱሪ፣ ካልሲና የትንኝ መከላከያ ቅባት ከመያዝ አትቆጠቡ። ከተመለሳችሁ ከአንድ ሳምንት በኋላ ወይም በቀጣዮቹ ሳምንታት ልጁ ትኩሳት ቢይዘው ጊቤ ደርሳችሁ እንደነበር ለሐኪሙ መንገር እንዳትረሱ፤ ይህች አንዲት ቃል ምርመራውን ታፋጥናለች።

ሁለተኛው ጉዳይ ብልሃርዝያ፣ ማለትም ከውኃ ውስጥ በቆዳ በኩል የሚገባ የትል በሽታ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሣር የበዛበት ዝግ ያለ ውኃ ዳር ስለሚኖሩ፣ ልጁ ባዶ እግሩን ውኃ ውስጥ ቆሞ እንዲያጠምድ አይፍቀዱለት። ከጉልበት በታች የሚደርስ የጎማ ቦት ለሁለታችሁም ግዙ።

መልስ (በአሰንዳቦ አካባቢ ያደገ አባል)

ስለ ቦዬ ለጠየቁት፣ እኔ ልጅ ይዤ ወደዚያ አልሄድም። ቦዬ የጉማሬ መኖሪያ ነው፤ ጉማሬ በማታ ለግጦሽ ወጥቶ ማለዳ ወደ ውኃው ሲመለስ፣ በእርሱና በውኃው መካከል የቆመ ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ጊቤም ስትደርሱ ከመቀመጣችሁ በፊት በዳሩ ላይ የተረገጠ ሰፊ መንገድና ትኩስ ዱካ መኖሩን አይታችሁ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

ሐይቁ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኃይል ለማመንጨት የሚያገለግል በመሆኑ ከፍታው ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። ክረምቱ ሲያልቅ ውኃው ሞልቶ ሣሩ ድረስ ይደርሳል፤ በጋው እየገፋ ሲሄድ ግን ይሸሽና ላዩ የደረቀ የሚመስል፣ ሲረግጡት የሚያሰጥም ጭቃ ይተዋል። ስለዚህ ረዘም ያለ ዱላ ያዙና ከፊታችሁ ያለውን መሬት እየወጋችሁ ሂዱ። የአስጋሪዎች መረብ የተዘረጋበት ቦታ ላይ መንጠቆ አትጣሉ፤ ለእነርሱ የዕለት እንጀራቸው ነው። ከጉዞው በፊትም ወደ ወረዳው ግብርና ቢሮ ጎራ ብሎ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባል ሕግ አለንና።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎት። ምናልባት በመንገድ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጣችሁ ውኃው ውስጥ ብትበትኑ ዓሣው ራሱ ይንሳፈፍላችኋል የሚል ሰው ያጋጥማችሁ ይሆናል። ብርብራ ለቡናችን ጥላ የሚሆን መልካም ዛፍ ነው፤ ፍሬው ግን ለዓሣ መርዝ ስለሆነ ትልቁን ብቻ ሳይሆን ገና የተፈለፈለውንም ይጨርሳል። ልጁ ዓሣ ማጥመድ ማለት ይህ ነው ብሎ እንዲያድግ አንፈልግም።

ጥያቄ (ጠያቂው)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ቦዬን ትቼዋለሁ። የቀረኝ የዓሣው አያያዝ ነው። ደግሞም የልጄ እናት መንጠቆ ጣቱ ውስጥ ይገባል ብላ ትሰጋለች።

መልስ (የምግብ ቤት ባለቤት፣ ከጅማ)

ዓሣን የሚያበላሸው ሙቀትና ሆድ ዕቃው ውስጥ የሚቀረው ነገር ነው። ስለዚህ እንደያዛችሁት ገድላችሁ፣ ሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን አውጥታችሁ፣ ይዛችሁ በሄዳችሁት ንጹሕ ውኃ እጠቡት። ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት በተለምዶ ሃይላንድ የምንላቸውን የፕላስቲክ ጠርሙሶች ውኃ ሞልታችሁ አቀዝቅዙና በአይስ ቦክስ ያዟቸው። ጠርሙሱን ሙሉ ለሙሉ አትሙሉት፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ይሰነጠቃል። አይስ ቦክስ ካልተገኘ ዓሣውን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ በረጠበ ጆንያ ውስጥ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ለጥቂት ሰዓት ያቆየዋል። ፌስታል ውስጥ አስራችሁ መኪና ውስጥ እንዳትተዉት፤ ሲከፈት ለሰው የሚሰጥ አይሆንም።

መልስ (ከሰኮሩ የጻፉት አባል)

የእናቱ ስጋት ትክክል ነው። ፒንሳ ይያዙና ከእያንዳንዱ መንጠቆ ጫፍ ሥር ወደ ኋላ የዞረውን ትንሽ ሹል ቤት ሳላችሁ ተጭነው ያስተኙት። እንዲህ የተደረገ መንጠቆ ጣት ውስጥ ቢገባ እንኳ በገባበት መንገድ በቀላሉ ይወጣል፤ ክሩ እንዳይላላ እስከተጠበቀ ድረስ ዓሣውም አያመልጥም። ፒንሳው ከዓሣው አፍ መንጠቆ ለማውጣትም ያገለግላል። አምባዛ ከተያዘ ልጁ እንዳይነካው ያድርጉ፤ በሁለቱም ጎኖቹ ላይ ያሉት የክንፍ እሾሆች ክፉኛ ይወጋሉ። ቆሮሶንም ከራሱ ወደ ጅራቱ በመዳበስ የጀርባውን እሾህ አስተኝቶ መያዝ ያስፈልጋል።

ልጁን ከውኃው ጠርዝ ሁለት ክንድ ያህል አርቀው በበርጩማ ላይ ያስቀምጡት፤ ዘንጉ ረጅም ስለሆነ ከዚያ ሆኖ ይደርሳል። ቡሹ ሲንቀጠቀጥ ወዲያው እንዳይስብ ይንገሩት፤ ቆሮሶ ትሉን በመጀመሪያ እየቀመሰ ነው። ቡሹ ወደ ጎን ሲንሸራተት ወይም ሲሰጥም ያን ጊዜ በእጅ አንጓው ብቻ ቀስ ብሎ ያንሣ። ተንቀጥቅጦ ዝም ካለ ግን ትሉ ተበልቷልና መንጠቆውን አውጥታችሁ ሌላ ትል አድርጉበት።