ተለይቶ መቆየት በቀን ይቆጠር ወይስ በቫይረስ መጠን?

ብሩክ፦ ለኮቪድ ታማሚ ሁሉ ከሰው ተለይቶ የሚቆይበት አንድ የቀን ቁጥር መስጠት አይዋጥልኝም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በ2021 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከ10 ቀን ወደ 5 አወረደው፤ ሁለቱም ለአንዱ ይበዛሉ፣ ለሌላው ያንሳሉ። በሰውነት ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን የሚያሰላው ቀላሉ የሒሳብ ሞዴል ያልተያዙ ሴሎችን፣ የተያዙ ሴሎችንና ቫይረሱን ይከታተላል። መጠኑ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ቁልቁለቱን የሚወስነው በዋናነት የተያዙ ሴሎች የሚሞቱበት ፍጥነት ነው፤ ምልክቱ ዴልታ ነው (የቫይረሱ ዝርያ አይደለም)። ዴልታ በቀን 1 ከሆነ ከ1 ቢሊዮን ኮፒ (የቫይረሱ ዘረመል ቅጂ) የተላላፊነት ድንበር ወደማደርገው 1 ሚሊዮን ለመውረድ 7 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ 0.7 ከሆነ 10 ቀን። በየሁለት ቀኑ ናሙና ወስዶ ለየሰዉ ማስላት ይቻላል።

ህሊና፦ ብሩክ፣ የፒሲአር ምርመራ የሚለካው አርኤንኤ፣ ማለትም የቫይረሱን ዘረመል ነው፤ መራባት የማይችል የቫይረስ ቁርጥራጭም ይቆጠርልሃል፣ አንዳንዴ ለሳምንታት። የሲቲ ቁጥር (ፒሲአሩ ቫይረሱን እስኪያገኝ የፈጀው የማባዛት ዙር) በ3.3 ሲለወጥ መጠኑ አሥር እጥፍ ይለወጣል። ናሙና መውሰጃው ጥጥ፣ ስዋቡ፣ በደንብ ስላልገባ ብቻ ያን ያህል ሊዛነፍ ይችላል፤ አንተ ግን ቫይረሱ ወረደ ብለህ ታነበዋለህ። ደግሞም ናሙና የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ ምልክት ከታየ በኋላ ስለሆነ የኩርባው መውጫ ክፍል ዳታ የለውም፤ ቀድመን ያስገባነው ግምት ነው መልሶ የሚወጣው።

ብሩክ፦ እኔ የምፈልገው መውረጃውን ነው፤ መውጫው ቢጎድል ምን ቸገረኝ?

መላኩ፦ ይቸግርሃል፣ ምክንያቱም ዜሮ ቀንህ፣ ቆጠራው የሚጀምርበት ቀን፣ የት እንደሆነ አታውቅም። በብሪታንያ ፈቃደኞች ሆን ተብሎ በቫይረሱ በተያዙበት ጥናት 18 ሰዎች ተይዘው፣ መጠኑ ጫፍ የደረሰው ቫይረሱ ከተሰጣቸው 5 ቀን ገደማ በኋላ ነው፤ መራባት የሚችል ቫይረስ ከአፍንጫቸው በአማካይ እስከ 10ኛው ቀን ተገኝቷል። ያ ቆጠራ የሚጀምረው ከመያዝ ነው፤ የሲዲሲው ግን ከምልክት ወይም ከምርመራ ነበር። ሰዎች ሁለቱን አደባልቀው ሲከራከሩ ማየት ያደክማል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቫይረሱ አሥር እጥፍ ሲጨምር ተላላፊነቱ አሥር እጥፍ አለመጨመሩ ነው፤ መጠኑ በጣም ከፍ ሲል ተላላፊነቱ ጣሪያ ይነካና እዚያው ይቆያል። ስለዚህ የ1 ሚሊዮን ድንበርህ ማን እንደሚያስተላልፍ በትክክል አይለይም።

ህሊና፦ ለግለሰብ ከ5ኛው ቀን በኋላ የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልገው ፈጣን አንቲጂን ምርመራ ይበቃል፤ ኔጌቲቭ ከሆነ ከ48 ሰዓት በኋላ ይደገም። ሞዴሉ ለመመሪያ አውጪ ይሁን፦ በየቀኑ ስንት በመቶው ገና ተላላፊ እንደሆነ ያሳየው።

ብሩክ፦ ምርመራ በሌለበትስ?

መላኩ፦ ቀን ይቆጠር፤ ግን ከአማካዩ ሳይሆን ከ95ኛው ፐርሰንታይል፣ ማለትም ከ100 ሰው የ95ቱ ተላላፊነት ካበቃበት ቀን ይውጣ።

ብሩክ፦ እንግዲያው ከ20 ሰው 19ኙን ተላላፊነታቸው ካበቃ በኋላም ታቆያላችሁ። እኔ 80ኛው ላይ እቆማለሁ፤ የቀሩት ማስክ ያድርጉ።

መላኩ፦ የቀሩት እነማን እንደሆኑ በምን አውቀህ? ማስኩን ለሁሉም እዘዝ እንጂ።