የዕቅድ ውይይት፦ ለቴሌቪዥን የምናቀርበው የዱር አዳር ፕሮግራም (ሰው ዱር ውስጥ እንዴት በሕይወት እንደሚቆይ የሚያሳይ)፣ ሁለተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ የመጀመሪያውን ረቂቅ በታትነነው የተረፈን ይህ ነው፦ ስድስት ክፍል፣ እያንዳንዱ 25 ደቂቃ፣ አንድ አቅራቢ፣ ሁለት ካሜራ፣ ቦታው ሁሉ ወሎ። ያልተስማማነው አቅራቢው ምን ዓይነት ሰው ይሁን በሚለው ላይ ነው። እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉ። በድምፅ አትላኩ በሞቴ። ባለፈው የ11 ደቂቃ ድምፅ የላከው ሰው ራሱን ያውቃል።

ካሜራማን (ኮምቦልቻ)
እሺ፣ በጽሑፍ መጣሁ።
ሁላችንም ያየነው ዱር ውስጥ የመትረፍ ፕሮግራም የሚያቀርበውን ቤር ግሪልስን ነው። ከገደል ይንጠለጠላል፣ ጥሬውን ይበላል፣ ሽንቱን ይጠጣል። ልብ ይሰቅላል፣ አልክድም። ግን በ2007 እ.ኤ.አ. አንዳንዱን ሌሊት ሆቴል ያድር እንደነበር ሲወራ፣ ጣቢያዎቹ አንዳንዱ ትዕይንት ተዘጋጅቶ የተቀረጸ መሆኑን የሚገልጽ ማሳሰቢያ ለጠፉበት። ካናዳዊው ሌስ ስትራውድ ደግሞ ብቻውን ሄዶ ራሱን በራሱ ይቀርጻል። ዳገት ሲወጣ ከኋላው ካያችሁት፣ ካሜራውን ታች ተክሎ ወጥቷል፣ ካሜራውን ሊያነሳ ወርዷል፣ እንደገና ወጥቷል ማለት ነው። ድካሙ የእውነት ነው። እሳቱ እምቢ ካለው እምቢ ማለቱን ያሳየናል።
እኔ ሆቴል ማደሩ አልከፋኝም፣ አለመናገሩ እንጂ። እኛም ጦሳ ተራራ ላይ ውለን ማታ ደሴ ወርደን ሽሮ ከበላን ሽሮውንም እንቅረጸው።

አስጎብኚ (ላሊበላ)
ሽሮውን ደግፌያለሁ።
በሥራዬ የማየውን ልጨምር። እንግዳ ይዤ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ስወጣ ርሃብ አስቸግሮኝ አያውቅም። የሚያስቸግረኝ ብርድ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይወርዳል፣ እዚያ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነን። ዳገቱን በላብ የወጣ ሰው፣ ቲሸርቱ እርጥብ ሆኖ ነፋስ ሲያገኘው፣ ከሰዓት በኋላ ምላሱ መያያዝ ይጀምራል። ሰው ያለ ምግብ ሳምንታት ይቆያል፣ ያለ ውሃ ሦስት ቀን ገደማ። በዝናብ በስብሶ ነፋስ ከመታው ግን በሰዓታት ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠለያና ደረቅ ልብስ፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ምግብ መጨረሻ ነው። ቴሌቪዥኑ ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ትል መብላት ለካሜራ ያምራል፣ ካልሲ መቀየር አያምርም። ካልሲ መቀየርን አስደሳች አድርጎ ማሳየት የሚችል ሰው ካገኛችሁ አቅራቢያችን እሱ ነው።
ሌላም አለ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ያህል ነው፣ ከነዚህ ጥቂቶቹ አቡነ ዮሴፍና ደንቆሮ ጫካ ይገኛሉ። አደን የሚባል ነገር ረቂቁ ውስጥ እንዳይገባ። ውሻም ይዘን አንሄድም፣ የውሻ በሽታ ነው የሚፈጃቸው።

ገንዘብ ያዥ (ወልዲያ)
ሁሉም ጥሩ፣ ግን ስፖንሰር የሚያመጣው ውድድር ነው። አሜሪካ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታይ «አሎን» የሚባል አለ። አሥር ሰው ለየብቻው ዱር ይጣላል፣ እያንዳንዱ አሥር ዕቃ መርጦ ይይዛል፣ መጨረሻ የቀረው 500,000 ዶላር ይወስዳል። በእኛ አቅም አምስት ወጣት ደንቆሮ ጫካ ዳር አስገብተን ብዙ ቀን የቆየው ሞተር ሳይክል ቢሸለም? ሕዝቡ ይወራረድበታል።

ጋሼ (ባቲ)
ልጄ፣ አትቀየመኝ።
ያልኸውን ልጄ በስልኩ አሳየኝ። ብዙዎቹ የሚወጡት ዱሩ አሸንፏቸው ሳይሆን ስለከሱ ነው። ሐኪም ይመዝናቸዋል፣ ከመጠን በላይ የከሳውን ያስወጡታል። እነሱ ዘንድ ጨዋታ ነው፣ ደግ። ወሎ ውስጥ ግን ማን ብዙ ቀን ጾሙን ዋለ ብለን ሞተር ልንሸልም?
በ77 ባቲ መጠለያው ሲሞላ የ9 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ካሜራ የሚባል ነገር መጀመሪያ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ፈረንጁ እናቴ ፊት ቁጭ ብሎ ቀረጻት፣ ተነስቶ ሄደ። ከየት እንደመጣን አልጠየቀም። እናቴ አራት ልጅ ይዛ ቀን ቀን ጥላ ውስጥ እያስተኛችን ማታ ማታ ነበር የምታስኬደን፣ በፀሐይ ከሄድን ውሃው እንደማይበቃን ስለምታውቅ። በደረቅ አሸዋ ላይ የትኛው መታጠፊያ ቢቆፈር ውሃ እንደሚወጣ ታውቃለች። ሲወጣም ባንድ ጊዜ አታጠጣንም፣ በጣሳ ክዳን እየለካች ነው። ይኸን የጠየቃት የለም። ካሜራው የፈለገው ዓይኗን ነው።
እኔ አቅራቢ የምለው ያን ጥያቄ የሚጠይቀውን ነው።

ገንዘብ ያዥ (ወልዲያ)
ይቅር በሉኝ ጋሼ፣ አላሰብኩትም። ውድድሩን ትቼዋለሁ። ስፖንሰሩን በሌላ መንገድ እፈልጋለሁ።

ጋሼ (ባቲ)
አብሽር። ሞተሩን ግን ለቀረጻው እንከራየው፣ እኔ እግሬን ያመኛል።

መምህርት (ሐይቅ)
ጋሼ ያሉት ላይ የምጨምረው የለኝም። የኔ ጭንቀት ልጆች ናቸው። ተማሪዎቼ ያዩትን ይሞክራሉ። በፊልም በረሃ ላይ ቁልቋል ተቆርጦ ሲጠጣ ያየ ልጅ እኛ አገር ወጥቶ ምን ያገኛል? የባሕር ቁልቋል የምንለው በለስ ፍሬው ይበላል፤ እውነተኛው ቁልቋል ግን ወተቱ ዓይን ያጠፋል። ስማቸው እንኳን ይመሳሰላል። አቅራቢው በጣቱ ይህ ያ አይደለም ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን ካላሳየ ጉዳት ነው የምናስተምረው።
ጓያም አለ። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ደላንታና ዳውንት ላይ በድርቁ ሌላው እህል ጠፍቶ ጓያ ብቻ የተበላ ጊዜ ስንቱ ወጣት ጓያ ሰብሮት በምርኩዝ ቀረ። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልም ይረዳል። ይህን የሚያውቁ እናቶች እዚያው አሉ። ለዱር ፍሬ ደግሞ ቀጋ፣ አጋም፣ እንኮይ፣ ዶቅማ ይበቃናል፣ ልጆቹም ያውቋቸዋል። የማያውቁትን ባናስተዋውቃቸው ይሻላል።
ደግሞ «አቅራቢው» ብቻ ለምን ሆነ? ውሃ ፍለጋ የማን ሥራ እንደሆነ እናውቃለን።

ካሜራማን (ኮምቦልቻ)
እቴ እውነቷን ነው።
ባለፈው ወር ጦሳ ላይ የሞከርነውን ልጅ ነገር ልንገራችሁ። መልኩ ያምራል፣ አፉም አይተኛም። አንድ እረኛ አግኝተን ከጎኑ አቆምነው። እረኛው በዱላው ሰማዩን እያሳየ የሆነ ነገር ይላል፣ ልጁ ፊቱን ለሌንሱ አዙሮ «ወገኖቼ፣ ተፈጥሮ ጨካኝ ናት» እያለ ነው። ቀረጻውን ቤት ሆኜ ሳየው የእረኛው ድምፅ ሥር ሥሩን ይሰማል፦ «ኧረ ዝናቡ ደረሰ፣ ኧረ ውረዱ።» እውነትም 20 ደቂቃ ሳይሞላ ሌንሱን በሸሚዜ ጠራርጌ በሩጫ ወረድን። እረኛው ከቋጥኙ ሥር ገሳውን ለብሶ ቁጭ ብሎ ያየናል። ይሄ ልጅ አይሆንም። ማይክሮፎኑ ለእረኛው ይሁን።

አስጎብኚ (ላሊበላ)
ለዚህ ነው ደራሽ ውሃ አንድ ሙሉ ክፍል ይሁን የምለው። በሸሎ ወንዝ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ይመጣል፤ ዝናቡ የዘነበው ላይ ደጋው ላይ ነው። እዚያ ያሉ ሰዎች ውሃው ሲደፈርስ፣ ጭራሮ ሲያወርድ፣ ድምፁ ሲቀየር ይወጣሉ። አቅራቢው ወንዙ ዳር ደርሶ ሳይሻገር የሚመለስበት ክፍል ይኑር። ያ ክፍል አሰልቺ ይሆናል የሚል ካለ እኔ ካንዱ የአገሩ ሰው ጋር ዳር ላይ ቆሜ አሳየዋለሁ። ቀረጻው ግን በበጋ ነው፣ በክረምት የምሄድ ሰው አይደለሁም።

ጸሐፊ (ደሴ)
እስካሁን ከጻፋችሁት የአቅራቢውን አንቀጽ እንዲህ አርሜዋለሁ፦

«አቅራቢው ወይም አቅራቢዋ አገሩን የሚያውቅ፣ ከማውራት መጠየቅ የሚቀናው ሰው ይሆናል። በየክፍሉ የአካባቢው ነዋሪ አስተማሪ ነው፣ ይከፈለዋል፣ ስሙም በፈቃዱ ይጠቀሳል። ያልተሳካው አይቆረጥም። የቀረጻ ቡድኑ የት እንዳደረና ምን እንደበላ ይታያል። ርሃብ ውድድር አይሆንም። ምንም እንስሳ አይገደልም።»

መምህርት (ሐይቅ)
«ያልታወቀ ተክል አይቀመስም» የሚለውን ጨምር። የወደቀ ብረትም አይነካም። ከጦርነቱ ወዲህ ሜዳ ላይ ያልፈነዳ ነገር አለ፣ ልጆች ያነሱታል።

ጋሼ (ባቲ)
«ይከፈለዋል» ያልኸው ላይ መጠኑን ጻፍ። ካልተጻፈ ሻይ ጋብዘው ይሄዳሉ።

ገንዘብ ያዥ (ወልዲያ)
ከካሜራማኑ የቀን አበል እኩል ይሁን ብዬ አስገባለሁ።

ካሜራማን (ኮምቦልቻ)
እንዴ! ... እሺ፣ ይሁን። ድሮኑን ግን አውጡት፣ ፈቃዱ እስኪወጣ ፕሮግራሙ ያልቃል።

ጸሐፊ (ደሴ)
ሁሉም ገብቷል፣ ድሮኑ ወጥቷል። የቀበሌዎቹን የፈቃድ ደብዳቤ እኔ እይዛለሁ፤ መንገዱ ሰላም ያልሆነበትን ቦታ እነሱ ካሉን በሌላ እንቀይራለን። ለሙከራው አዳር ጦሳ ላይ የፊታችን ቅዳሜ፣ ሁለት ዕጩዎች፣ አንዷ ሴት። ጋቢ ሁለት ሁለት፣ ትርፍ ካልሲ፣ ክብሪት በላስቲክ ተጠቅልሎ። ያንን እረኛ የሚያገኘው ካሜራማኑ ነው፣ መልኩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ። ስንቅ ማን ይይዛል?

ጋሼ (ባቲ)
በሶ እኔ አስፈጫለሁ። ጨውና ዘይት ይዛችሁ ኑ፣ እዚያው እንጨብጠዋለን። ሞተሩን አትርሱ።